ጨረሩ ያረፈበት ሜዳ

ቀለመ ወርቅ በታኅሣሥ ገብርኤል ጠዋት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለው ወፍ ሜዳ፣ ገብሱ በታጨደ ማሳ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ተመትቷል። ያገኘው ደምሌ የሚባል ገበሬ ነው። ደምሌ አልሸሸም፤ ሬሳውን ገልብጦ አቅፎ «የሰው ያለህ!» እያለ ጮኸ። የደረሰው ሰው ግን እንባውን አላየለትም። ያየው እስከ ክርኑ በደም የተነከረ እጁን ነው። የሁለቱ ቤተሰቦች ደግሞ በድንበር የተነሣ ደም ተቃብተው የኖሩ፣ ዕርቅ ካወረዱ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ናቸው። ታዲያ ሌላ ገዳይ ማን ይፈልጋል?

ደምሌን ያሰረው ሳጅን ጣሰው ነው። ጣሰው የደምሌን እኅት የኔነሽን አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ በደምሌ ቤት ያልበላበት፣ ያልጠጣበት በዓል የለም። ያም ሆኖ ደሙን ሲያይ ካቴናውን አወጣ፤ የሚስቱን ወንድም እጅ ቆለፈ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ገብቶ ኖሮ፣ የኔነሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ወንድሜን አስረህ ቁርስ ልትበላ መጣህ?» አለችው።

ተመልሶ ወደ ጣቢያው ሄደ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት የሟቹ ታላቅ ወንድም መልካሙ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አይጮኽም፣ አይሳደብም፤ አስፈሪነቱም እዚያ ላይ ነው። «ወንድሜ ሳይቀበር ገዳዩን ንገሩኝ» አለ። «ካልነገራችሁኝ አፈር ካለበስኩት በኋላ እኔው አገኘዋለሁ።» ማንን እንደሚያገኝ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ደምሌ በእስር ቢያመልጠው ልጆቹ አሉለት። ከደምሌ ልጆች በኋላ ተራው የእኅቱ ልጆች ነው፤ እነሱ ደግሞ የጣሰው ልጆች ናቸው።

ኢንስፔክተር አዛለች ከደብረ ታቦር የደረሰችው ቅዳሴ ሳይወጣ ነው። አምሳዎቹን የተሻገረች፣ ደልደል ያለች አጭር ሴት ናት። ሰው ሲያወራት አንድ ዓይኗን ጨፈን ስለምታደርግ የማያውቃት ያንቀላፋች ይመስለዋል፤ ስንቱ በዚያ ተታልሎ ወኅኒ ወርዷል።

«አንተ ነህ ያሰርከው?» አለችው።

«አዎ፣ ኢንስፔክተር።»

«ዘመድህ ነው አሉ።»

«የሚስቴ ወንድም ነው።»

«ሰው ይገድላል?»

ጣሰው መሬት መሬቱን አየ። «እንጃ» አለ። «እጁ ደም ነበር።»

«ስለ እጁ ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ሰውየው ነው» አለችና ወደ መኪናዋ ገባች።

ወፍ ሜዳ ላይ ሦስት ድንኳንና አንድ ጄኔሬተር አለ። ሟቹ የአገሩ ልጅ ሆኖ፣ ተምሮ ቀያሽ ሆኖ፣ ከእነዚህ ከአዲስ አበባ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር ነበር የሚሠራው። አለቃቸው ዶክተር እንድርያስ ነው፤ ኮምፒውተሩን የምትይዘው ሕሊና፣ መሣሪያውን የሚጠግነው ካሌብ። ገለባ በለበሰው መሬት ላይ ብርሃን ሲነካቸው የሚያውቁ፣ ብርጭቆ የሚያክሉ ሴንሰሮች በረድፍ በረድፍ ተተክለዋል። ገበሬው እነዚህን ሲያይ ያማትባል፤ ከብቶቹ ግን ለምደዋቸው በመካከላቸው ይግጣሉ።

ሕሊና ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ቀለመ ወርቅ እጮኛዋ ነበር፤ ማኅሌት አድሮ ከዚያው ወደ ሜዳው የወረደ መስሏት ነበር። ቢሆንም ኢንስፔክተሯ ስለ ሥራው ስትጠይቃት ድምፅዋ ቀስ በቀስ ተስተካከለ።

«ሳተላይቷ ከላይ የሌዘር ጨረር ትልካለች» አለች። «ጨረሩ መሬት ሲደርስ የአውድማ ያህል ይሰፋል። ተራራውን፣ ደኑን፣ በረዶውን የምትለካው በዚያ ነው። ችግሩ፣ እዚያ ላይ ሆና ለጥቂት ብትዛነፍ፣ እዚህ ታች ጨረሩ የሌላ ሰው ማሳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እኛ ሴንሰር ዘርግተን እንጠብቃታለን። ጨረር የነካቸውን አይተን በእርግጥ የት እንዳረፈ እናውቃለን። ‹ያነጣጠርኩት እዚህ ነው› ከምትለው ጋር እናስተያየዋለን፤ ልዩነቱ ይላክና አነጣጠሯ ይታረማል። ባለፈው ጊዜ ርቆ አርፎ አገኘነው፤ ዶክተር ‹ሳተላይቷ ተዛንፋለች› ብለዋል።»

«ዒላማ ላይ የጥይቱን ቀዳዳ እንደ ማየት ነው።»

«ልክ እንደዚያ።»

«ዒላማው ራሱ ቦታውን ቢለቅስ?»

ሕሊና ትንሽ አሰበች። «የሴንሰሮቹን ቦታ እየለካ የሚያስቀምጠው ቀለመ ወርቅ ነበር። የሚለካው ደግሞ ከመነሻ ነጥቡ ተነሥቶ ነው፤ እዚያ ጋ ትልቅ ድንጋይ ላይ ብረት ተቸክሏል። የድንጋዩን ቦታ ካቻምና ዶክተር ራሳቸው ናቸው የለኩት። እንደገና ይለካ ሲባል ‹ድንጋይ እግር የለውም› ይላሉ።»

ዶክተር እንድርያስ ሽበቱ የሚያምር፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯን ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ከፔርሙዝ ሻይ በግራ እጁ ቀዳላት። የቀኝ አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ምን ነካው ጣትዎን?»

«ጄኔሬተሩን ስነካካ» አለ። «ኢንስፔክተር፣ ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ጊዜዎን ግን አላባክንም። ቀለመ ወርቅ ጎሕ ሲቀድ በሕይወት ነበር። ሴንሰሮቹ ውርጭ እንዳያገኛቸው ሌሊት ክዳን ይደረግባቸዋል። ጨረሩ ሊያልፍ ሲል እየዞረ ክዳኑን የሚያነሣው እሱ ነው። ዛሬ ጎሕ ላይ ጨረሩ አልፎ ተመዝግቧል። የሞተ ሰው ክዳን አያነሣም። ክዳኖቹን የሰበሰበበት ከረጢትም እጁ አጠገብ ተገኝቷል።»

«እናንተስ?»

«ሦስታችንም እዚህ ድንኳን ውስጥ ስክሪኑ ላይ ነበርን። ስንጨርስ ነው ጩኸት የሰማነው። በመካከሉ በሜዳው ያለፈ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ይዛችሁታል።»

ጣሰው በደምሌ ላይ ቀድሞ ቢፈርድም፣ በልቡ ጥግ የቀረች ትንሽ ተስፋ ነበረችው። ዶክተሩ እሷንም በሁለት ቃል አጠፋት።

«ሬሳው ደርቆ ነበር ይላሉ» አለች አዛለች።

«የጋይንትን ብርድ ያውቁታል። በሕይወት ያለነውንም እያደረቀን ነው።»

ካሌብ በተቃራኒው ግልፍተኛ ነው። እጁ በጭረትና በዘይት ተሸፍኗል፤ ቆሞ ነው ያነጋገራት።

«ከሟቹ ጋር ተደባድበሃል አሉ።»

«ተደባድቤያለሁ። ሕሊናን እኔም እወዳት ነበር፤ እሷ እሱን መረጠች። ይኼው ነው። እዚህ ሁሉም ሰው ይጮኻል፤ ዶክተርም ከማንም የባሱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዷ ሴንሰር ስክሪኑ ላይ ጨልማ ሄጄ ሳላይ ብቀር፣ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። ዛሬ ደግሞ አንዷ ጨልማ ልሮጥ ስነሣ ‹ተወው፣ ተበላሽታለች› ይሉኛል። ሰውየውን ማን ይችለዋል?»

«የመሣሪያ ሣጥንህን ክፈትልኝ።»

ከፈተ። ቁልፉም ጉጠቱም አቧራና ዘይት ጠጥቷል። ሴንሰሮቹ መሬት ውስጥ የሚመቱበት መዶሻ ብቻ ታጥቦ ጸድቷል። ካሌብ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አላጠብኩትም» አለ። አዛለች አንድ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው፤ ጣሰው ግን ይህን ጊዜ ትንፋሹ መለስ አለለት። ከደምሌ ሌላ ሰው ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ በሌላ ሰው መከራ ሲደሰት ራሱን ታዘበ፤ ደስታው ግን አልለቀው አለ።

ሬሳው የወደቀበት ቦታ በረድፉ መካከል፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ነው። ገለባው ላይ ደም ረግቷል። በደሙ መካከል አንዲት ሴንሰር አለች፤ ክዳኗ እንደተገጠመ ነው፤ ደሙ ክዳኗ ላይ ደርቋል። አዛለች ተንበርክካ አየቻት። በጥፍሯ ልታነሣው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

«ቀለመ ወርቅ በምን ነበር የሚከፍታቸው?» ብላ ሕሊናን ጠየቀቻት።

«በሰንጢ። ክዳኖቹ ብረት ናቸው፤ በውርጭ ይጣበቃሉ። ሰንጢዋን ከውስጥ ኪሱ አይለያትም።»

ሰንጢዋ ከሟቹ ውስጥ ኪስ ተጣጥፋ ተገኝታለች። ያወጣት ጣሰው ራሱ ነው።

«ዛሬ ጎሕ ላይ የጨለመችው የትኛዋ ነበረች?»

ሕሊና በጣቷ አሳየቻት። ይቺው ነበረች።

ደምሌ ከእስር ክፍሉ ወጥቶ ሲቀመጥ ጣሰውን አላየውም። ለኢንስፔክተሯ ነው የሚያወራው።

«ሌሊቱን የት ነበርክ?»

«ማኅሌት ቆሜ። ገብርኤል አይደል? አገሩ ሁሉ እዚያው ነው ያደረው። ሊነጋጋ ሲል ከብቶቹን ልፈታ ወጣሁ።»

«ስታገኘው እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያ በግ የተኛ መሰለኝ። ጋቢው አመዳይ ወርዶበት ነጭ ሆኗል። ልገለብጠው ስል እንደ ግንድ ነው። እጄ ላይ በረዶውና ደሙ ባንድ ላይ…»

«ከረጢት አጠገቡ ነበር?»

«አደናቅፎኛል። ጥቁር ከረጢት ነው።»

«አመዳይ ነበረበት?»

ደምሌ ቅንድቡን ሰበሰበ። «የለም። እሱ ደረቅ ነበር።»

«ትናንት ገበያ ላይ ተጯጩኻችኋል።»

«መጯጯህማ ተጯጩኸናል፤ ጠብ ግን አይደለም፣ እኅቴ። ‹ያ ብረት ያለበት የድንበር ድንጋይ ድሮም እዚያ ነበር?› አለኝ። ‹ኧረ በዕርቁ ጊዜ ነው የተነሣው፤ አንተ ለትምህርት ውጭ አገር ሄደህ› አልኩት። ‹ወየው!› ብሎ ራሱን ያዘ። እኔም ደንግጬ ‹ምን ሆንክ?› ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ አቅፎ ሳመኝና እየሮጠ ሄደ። አለቀ። የሳመኝን ልጅ ነው ገደልክ የሚሉኝ።»

ጣሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጠዋት እሱ ከዚህ አንዱን እንኳ ሳይጠይቅ ነው ያሰረው።

ዕርቁን የመሩት የቤተ ልሔም ደብሩ መሪጌታ ታፈረ ለቀብሩ መጥተው ነበር። አዛለች እጃቸውን ተሳልማ ጠየቀቻቸው።

«እውነት ነው፣ ልጄ» አሉ። «የተረፈ ቂም እንዳይኖር ድንጋዩን ወደ ደምሌ ማሳ ገፋ አድርገን ተከልነው፤ በፊት ለሞተባቸው ለእነ መልካሙ ካሣ ይሁን ብለን። ላዩ ላይ ብረት ነገር ተቸክሎበት አገኘን። የመንግሥት ንብረት መሰለን፤ ነቅለን ብንጥለው ጠያቂ ይመጣል ብለን ከነብረቱ በጥንቃቄ ተሸክመን ወሰድነው። ጥፋት ሠርተናል?»

«እናንተ አልሠራችሁም፣ አባታችን።»

ቀብሩ ሊደርስ ነው። አዛለች ቃሬዛው ከቤተ ክርስቲያን ሳይነሣ ሁሉም ወፍ ሜዳ እንዲመጡ አደረገች። ሦስቱ ባለሙያዎች፣ መሪጌታ፣ ሽማግሌዎቹ፣ መልካሙ ከነጠመንጃው፣ ደምሌ ከነካቴናው ድንጋዩን ከበው ቆሙ። የኔነሽም ከሴቶቹ መካከል ነበረች።

«ዶክተር እንድርያስ ሟቹ ጎሕ ሲቀድ በሕይወት ነበር ብለውኛል» ብላ ጀመረች። «ማስረጃቸው ክዳኖቹ መነሣታቸው ነው። ይህን ያህል ጥሩ ማስረጃ ስለሆነ እኔም እሱን ይዤ ሄድኩ። ክዳኖቹ በሙሉ ተነሥተዋል፤ አንዷ ብቻ ቀርታለች። የቀረችው ከሬሳው ሥር ነች። ቀለመ ወርቅ ክዳን ሲያነሣ ቢገደል ኖሮ ያቺም እንደ ሌሎቹ ትከፈት ነበር፤ ወይ ከእሷ በኋላ የነበሩት ሁሉ ተከድነው ይቀሩ ነበር። ግን ከወዲህም ከወዲያም የረድፉ ሁሉ ተከፍቷል። ይህ ማለት ክዳን አንሺው ሲደርስ ሬሳው ቀድሞ እዚያ ወድቋል። ሰውየው ሬሳውን አይቶ፣ ሳይጮኽ፣ በላዩ አልፎ ቀጣዩን ክዳን አነሣ።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ «ኡ!» አለች።

«ጋቢው ላይ አመዳይ ወርዶበት ነበር፤ ሌሊቱን እዚያ ነው ያደረው። ከረጢቱ ግን ደረቅ ነበር፤ የተቀመጠው ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ ሟቹ የተገደለው ትናንት ምሽት ነው። ደምሌ ያን ጊዜ ማኅሌት ላይ ነበር።»

«ዋዜማው ከተደወለ ጀምሮ ከአጠገቤ አልተለየም» አሉ መሪጌታ። መልካሙ ጠመንጃውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ክዳኑን ያነሣው ሰው ሰንጢ አልነበረውም። ሰንጢዋ ሬሳው ኪስ ውስጥ ነበረች፤ እሱ አላወቀም፤ ክዳን ማንሣት ሥራው ስላልነበረ። ውርጭ የያዘውን ብረት ሁሉ በአውራ ጣቱ ነው የፈለቀቀው። መዶሻው የካሌብ ሣጥን ውስጥ ታጥቦ ተገኝቷል። ካሌብ ገዳይ ቢሆን የራሱን መዶሻ ብቻ አጥቦ በቆሸሹት መሣሪያዎች መካከል አያጋድመውም፤ ሁሉንም ባጠባቸው፣ ወይ እሱንም ዘይት በቀባው ነበር። መሣሪያ የማይነካ ሰው ነው ያጠበው። እሱም ብቻ አይደለም። ጎሕ ላይ አንዷ ሴንሰር ጨለመች። ካሌብ ሊሮጥ ተነሣ። አንዲት ሴንሰር ሳትታይ ቀረች ብሎ ሰውን ሳምንት ሙሉ የሚያኮርፍ አለቃ ‹ተወው› አለው። ካሌብ ቢሄድ የሚያገኘውን ያውቅ ነበርና። ዶክተር፣ ያ ፕላስተር ይፈታ እንዴ?»

እንድርያስ አልተንቀሳቀሰም። «ምክንያት?» አለ። «ሁላችሁም የምትጠይቁት ይህን ነው። ለምን ብዬ?»

«በዚህ ድንጋይ ነዋ!» አለች አዛለች። «ባለፈው ጊዜ ጨረሩ ካሰባችሁት ቦታ ርቆ አረፈ። እርስዎ ሳተላይቷ ተዛንፋለች አሉ። ቀለመ ወርቅ ትናንት ከደምሌ ሰምቶ የተዛነፈው ድንጋዩ መሆኑን አወቀ። ሮጦ የመጣው ወደ እርስዎ ነው።»

ሕሊና ወደ አለቃዋ ዞረች። «ነግሮዎት ነበር?» አለችው።

እንድርያስ ሲመልስ ለእሷ ብቻ ነበር። «ለዓለም ሁሉ ተናግሬ ነበር፣ ሕሊና። ስብሰባ ላይ ቆመው አጨበጨቡልኝ። በእኔ ቁጥር አነጣጠሯን ሊያርሙት ነው። እሱ መጥቶ ‹ሳተላይቷ ደኅና ናት፤ መሬታችን ጠማማ ሆኖ ሰማዩን አንከስም፤ ድንጋዩ እንደገና ሳይለካ ክዳን አላነሣም› አለኝ። እየሳቀ ነበር የሚለኝ። ገበሬ ዕርቅ ሲያወርድ ሳይንስ ገደል ገባ ብሎ ሳቀ። መዶሻው እዚያው ነበር።»

«ሴንሰሮቹን እንደተከደኑ ትተዋቸው ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ አላገኝም ነበር» አለች አዛለች። «ለምን አነሡት?»

«ጎሕ ሲቀድ በሕይወት ነበር እንዲባል» አለ። ከዚያ የሚያፍር ሰው እንደሚያደርገው ዓይኑን ሰበረ። «ደግሞ ካለፈች ለወራት ተመልሳ አትመጣም። ያን ጨረር ማጣት አልቻልኩም።»

ሕሊና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ጣሰው ሳያስብ ከእንድርያስ ፊት ገባ፤ የመልካሙ አፈሙዝ ደረቱ ላይ ነበር። መሪጌታ ታፈረ መስቀላቸውን በሁለቱ መካከል ዘረጉ። «መልካሙ ልጄ፣ ወንድምህ ቃሬዛ ላይ እየጠበቀህ ነው» አሉት። ጠመንጃው ቀስ ብሎ ወረደ። መልካሙ መሬት ላይ ጥሎት ሄደና ደምሌ እግር ላይ ወደቀ። ካቴና የያዛቸው እጆች አነሡት፤ ሁለቱም ተደጋግፈው አለቀሱ።

ጣሰው ቁልፉን አውጥቶ ወደ ደምሌ ሄደ። ካቴናውን ፈታለት።

«ደምሌ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

ደምሌ የተላጠ አንጓውን አሸት አሸት አደረገ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያየው።

«መልካሙን ይቅር ብዬዋለሁ» አለ። «ወንድሙን ገድለውበታል፤ እኔንም አያውቀኝም። አንተ ግን ታውቀኝ ነበር።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ከመልካሙ ጋር ቃሬዛውን ሊሸከሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አብረው ሄዱ። ጣሰው ያንኑ ካቴና በእንድርያስ እጅ ላይ ቆልፎ ወደ መኪናው ወሰደው፤ ስለዚህ ቀብሩ ላይ አልነበረም። ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ሲገባ ምድጃው ቀዝቅዞ ነበር። የኔነሽ ልጆቹን ይዛ ወንድሟ ቤት ገብታለች።